የግሌብ ተራ

«አይ፣ አባቴ ዛሬ አይጫወትም። ስሙን አውጡልኝ፤ አዎ፣ ሙሉ በሙሉ» አለች ፀደንያ በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር ስልክ የምታወራው። ማድረቂያው ማሽን እየተንጓጓ ስለሚዞር የሚሰማኝ የለም ብላ ነው። እናቷ ፈትለወርቅ ግን ፎጣ ልትወስድ መጥታ ከበሩ ወዲህ እንደቆመች ቀርታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉሮሮዋን ጠርጋ መኖሯን ታሳውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስልኩ ተዘጋ፣ በሩ ተከፈተ፣ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ሰማሽ?» አለች ፀደንያ።

«ሰማሁ። እሱን ጠየቅሽው?»

«እማ፣ ፕሊዝ! ያንን ቪዲዮ ረስተሽዋል? ሰው እንዲስቅበት አልፈልግም፣ ዛትስ ኢት።»

«እሱን ጠየቅሽው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ቢጠየቅስ ሂ ዎንት ሪሜምበር። ሺፍቴ ሃፍ ዴይ ነው፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። ሙቪ ምናምን አብረን እናያለን።» እናቷን ጉንጯን ሳመቻት፣ የነርስ ልብሷ ላይ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። መኪናው ከደጅ ሲንቀሳቀስ ፈትለወርቅ አሁንም ፎጣ አልያዘችም ነበር።

ፀደንያ ክፉ ልጅ አይደለችም። በመጸው አንድ የሰፈር የቼዝ ውድድር ላይ አባቷ ጨዋታውን ጨርሶ እጁን ሊታጠብ ወጣ፣ ሲመለስ የሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በሰው ጠጠር መጫወት ጀመረ። አንዱ በስልኩ ቀረጸው። ፀደንያ ቪዲዮውን ያየችው ሆስፒታል ውስጥ በእረፍት ሰዓቷ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ተሰብስበው ሲስቁ ምን አገኛችሁ ብላ አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ ግራ የገባው ሽማግሌ አባቷ ሆኖ አገኘችው። አባቴ ነው አላለችም። እዚያው ቆማ፣ ትንሽ ፈገግ ብላ፣ ሻይዋን ይዛ ወጣች። ይህን ለእናቷ የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቼዝ ሲነሳ ፊቷ ይዘጋል።

ፈትለወርቅ ፎቅ ወጣች። መኝታ ቤቱ ሞቅ ብሏል፤ ሌሊቱን ሺኑክ የሚሉት ሞቃት የክረምት ነፋስ ከተራሮቹ ወርዶ የጣሪያውን በረዶ ሲያንጠባጥብ አድሯል። በመስኮቱ የሰፈራቸው የራንድል ቤቶች ጣሪያ በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ሁሉም ቤት ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ባሏ ግሌብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሌላው ማለዳ የሸሚዙን ቁልፍ ከየትኛው ቀዳዳ ጋር እንደሚያገናኝ ጠፍቶት፣ እሷ እስክትመጣ እንደ ልጅ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው፣ ዛሬ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ግራጫ ኮቱን ደርቧል። ክራቫቱን ሳይቀር ራሱ አስሯል። ጺሙን ተላጭቶ አገጩ ላይ ትንሽ ደም ነጥቧል።

«ፌቲያ» አላት በሩሲያኛ፤ ፈትለወርቅ የሚለው ስም ከምላሱ አልሄድ ብሎት ገና በወጣትነታቸው ያሳጠረላት ነው። «እንዳናረፍድ። የመጀመሪያው ዙር ነው።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ልትነግረው ነበር። ስምህ ተሰርዟል፣ ልጅህ ነች ያሰረዘችው፣ ስለምትወድህ ነው፤ በሩሲያኛ ቢባል አጭር ነገር ነው። አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምክንያቱም የዚህ ሰው ስም ሲሰረዝ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው የተሰረዘው ደግሞ በእሷ የተነሳ ነው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስታምን ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሌኒንግራድ ሄዳ ስታገኘው ግሌብ አንድሬዬቪች ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ስሙ በጋዜጣ የሚወጣ ግራንድማስተር ነበር። በዚያው ዓመት በአገሪቱ ሻምፒዮና ጥሩ ደረጃ አግኝቶ፣ ከየአገሩ የተመረጡ ወደሚጋጠሙበት ውድድር ሊላክ ተወሰነ። ውድድሩ ውጭ አገር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሰው የዓለምን ዘውድ ከያዘው ጋር ለመጋጠም ጥቂት ደረጃ ብቻ ይቀረዋል። ሻንጣ ተገዛ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ግሌብ ቤት ገብቶ «ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ሐሳባቸውን ቀየሩ» አላትና ድንች መላጥ ጀመረ። ሌላ ቃል የለም። ከዓመታት በኋላ የአንድ ተጫዋች ሚስት ሠርግ ላይ ጠጥታ ጆሮዋ ሥር «የውጭ አገር ልጅ ያገባን ሰው ማን ይልከዋል? ባንቺ ምክንያት ነው የሰረዙት» አለቻት። ፈትለወርቅ ይህን ይዛ ቤቷ ገባች። አልጠየቀችውም። እሱም አላነሳም። ልጅ ተወለደ፣ አገር ፈረሰ፣ ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ ያቺ ነገር በሁለቱ መካከል እንደ ሦስተኛ ተከራይ አብራቸው ኖረች።

«አናረፍድም» አለችው፣ አገጩን በአውራ ጣቷ እየጠረገች።

ምድር ቤቱን የተከራየው መርዕድ ታክሲ ነጂ ነው፤ ቅዳሜ የሚወጣው ዘግይቶ ነው። በሩን ስታንኳኳ ጥርሱን እየፋቀ ከፈተላት።

«እትዬ ፈትለወርቅ፣ በሰላም?»

«ፔንብሩክ ሜዶውስ ታደርሰናለህ? ግሌብ ውድድር አለው።»

መርዕድ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ፀዲ ትናንት ካንስል አደርገዋለሁ ስትል የሰማሁ መስሎኝ ነበር።»

«መስሎህ ነው» አለች ፈትለወርቅ፣ ዓይኑን ሳታይ።

መንገዱ ጭቃና ውሃ ነው። በምዕራብ በኩል ደመናው ከተራሮቹ በላይ እንደ ቅስት ተቀዶ፣ ከሥሩ ያለው ሰማይ ከወዲህኛው ጋር የማይገናኝ፣ የሌላ ወር ሰማይ ይመስል ነበር። ግሌብ ከፊት ተቀምጦ ያንን ያያል። መርዕድ ዝምታ አይወድም፤ ስለ እንቁላል ዋጋ ጀመረ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ቀጠለ፣ በመጨረሻ ለዓመታት ሲያብላላው የኖረውን ጥያቄ አወጣው።

«ጋሼ ግሌብ፣ እውነት የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ እንዴ? ሰው እንዲያ ያወራል።»

ግሌብ የሚያውቃት አማርኛ የወጥ ቤትና የሰላምታ ናት። ጥያቄው ግን ገብቶታል። «አይደለም» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ቅርብ» አለ።

መርዕድ ሳቀ፤ ግሌብም ሳቀ። ፈትለወርቅ ከኋላ ወንበር ቅርብ የምትለዋን ቃል ሰምታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባሏ ደግሞ የቃሉን በር ከፍቶ እንደገባ ሰው በሩሲያኛ ከተሞቹን መቁጠር ያዘ። ትብሊሲ፤ አዳራሹ ቀዝቅዞ በጓንት የተጫወቱበት። ሪጋ፤ ሁለት ቀን የፈጀ ጨዋታ በአቻ አልቆ ተጋጣሚው አልቅሶ ያቀፈው። ታሽኬንት፤ በሐብሐብ ተመርዞ፣ እየተንቀጠቀጠ ያሸነፈው። ከዚያ በኋላ፣ አገሩ ከፈረሰ ወዲህ፣ በአውቶቡስ እየዞረ በሃንጋሪና በጀርመን ትናንሽ ከተሞች የተጫወታቸው፤ ሽልማቱ አንዳንዴ የቡና ማሽን ነበር። ሲያወራ የዛሬ ሳምንት ምን እንደበላ የማያውቀው ሰው የሠላሳ ዓመት ጨዋታ እየነቀሰ ፈረሱ የት እንደቆመ ይናገራል። ከተሞቹ በባቡር መስኮት እንደሚታዩ እያለፉ ሄዱ። ፈትለወርቅ በየመሃሉ ትጠብቅ ነበር፤ ያልሄደበትን ከተማ ይጠራ ይሆን? አልጠራውም።

አዳራሹ የሰፈር ማኅበር ቤት ነው። እርጥብ ካፖርት ይሸታል። መግቢያው ላይ አንዲት ሴት ሦስት ሳምቡሳ በአምስት ዶላር ትሸጣለች፤ ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረው ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራል። ዳኛዋ ማርጋሬት የምትባል ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ነች። ግሌብን ስታይ ተነሳች። ብዙ ዓመት ስላስተማረ በዚህች ከተማ ከእሱ ያልተማረ ተጫዋች የለም፤ እሷም አንዷ ነበረች።

«ጠዋት ልጃችሁ ደውላ ነበር እኮ» አለች ለፈትለወርቅ በቀስታ።

«አውቃለሁ። እሱ ግን መጥቷል።»

ማርጋሬት ግሌብን አየችው። ክራቫቱን አየች፣ የተላጨ አገጩን አየች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ አንዱን ጠረጴዛ በዓይኗ አመለከተች። እሱ ሲቀር ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ፣ ከኦኮቶክስ ከተማ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ተጋጣሚ አጥቶ ብቻውን ከቦርዱ ፊት ተቀምጧል። «አንድ ነገር ብቻ» አለች ማርጋሬት፤ «ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ማንም አያግዘውም። ቢረሳም፣ ቢጠፋበትም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።»

«ይህን እሱ ራሱ ነው ያስተማራችሁ» አለች ፈትለወርቅ።

ግሌብ ተቀመጠ፣ የጥርስ ሐኪሙን ጨበጠ፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ቀጥ አደረጋቸው። ፈትለወርቅ ከግድግዳው ሥር ከተመልካቾች ወንበር ላይ ሆና እጁን ታያለች። ማንኪያ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው ያ እጅ፣ ወታደሩን ገፍቶ ሰዓቱን ሲጫን አይንቀጠቀጥም። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የሚሰማው የሰዓቶቹ ጠቅታና ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ሆነ። ፈትለወርቅ ይህን ጸጥታ ታውቀዋለች። ወጣት ሳለች በየአዳራሹ ተቀምጣ መጽሐፏን ታጠና ነበር፤ ጨዋታው ባይገባትም የባሏን ጀርባ ታነባለች። ሲያጠቃ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሲጨንቀው የግራ እግሩን ያወዛውዛል። ዛሬ ትከሻው ዝቅ ብሏል፤ እግሩም ዐርፏል። ከፊት ለፊቱ ያለው የጥርስ ሐኪም ፊቱ ቀልቶ ግንባሩን ይዟል። ሌሎች ተጫዋቾች የራሳቸውን ትተው እየመጡ ከኋላው ይቆማሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። አንዱ ለአንዱ «ንግሥቱን ሰጠው፣ አየህ?» ሲል ሰማች። ፈትለወርቅ መስጠት ማለት መሸነፍ እንዳልሆነ ለማወቅ የሚበቃ ያህል ቼዝ ታውቃለች።

ከዚያ ግሌብ ተነሳ። ማሰብ ሲፈልግ ተነስቶ መንሸራሸር የጥንት ልማዱ ነው፤ ማንንም አልገረመም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስከ አዳራሹ ጫፍ ሄደ፣ ትልቁ መስኮት ጋ ቆመ፣ ውጭውን ማየት ጀመረ። የጥርስ ሐኪሙ ብዙ አስቦ ተጫወተና ሰዓቱን ተጫነ። አሁን የግሌብ ተራ ነው፤ ጊዜው ከእሱ ይቀነሳል፤ ካለቀበት ተሸነፈ ማለት ነው። ግሌብ ግን አልዞረም። የሰዓቱ ቁጥር እየወረደ ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ አሳለ። ወንበሩን ወለሉ ላይ እየጎተተ አንጓጓ። ዳኛዋን አየ፤ ማርጋሬት ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች።

በዚህ መሃል ነው ፀደንያ የገባችው። ቤቱን ባዶ አግኝታ መርዕድ ጋ ደውላ፣ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች፣ ካፖርቷ እንደተከፈተ። እናቷን ስታይ ዓይኗ በእንባና በቁጣ ሞላ፤ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፈትለወርቅ በአገጯ ወደ ጠረጴዛው አመለከተቻት። ፀደንያ ልጅ ሳለች አባቷ አስተምሯታል። ቦርዱን አየች። ቆማ ቆየች። ቁጣው ከፊቷ ላይ ሲወርድ እናቷ እያየች ነበር።

«ሂ ኢዝ ዊኒንግ» አለች በሹክሹክታ። «እማ፣ አሸንፏል እኮ! ሰዓቱ... ንገሪው፣ ተራህ ነው በይው!» ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሳች። ማርጋሬት መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት። ጠዋት ስሙን ያሰረዘችው ልጅ፣ አሁን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ሰዓቱ ላይ ታፈጣለች።

ፈትለወርቅ ተነሳች። መስኮቱ ጋ ሄዳ ከባሏ ጎን ቆመች። ልትነግረው አይደለም የሄደችው፤ ሕጉን ታውቃለች፣ እሱም ቢያውቅ አይምራትም። ብቻውን እንዳይሆን ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሜዳው ግማሹ በረዶ ግማሹ ውሃ ሆኖ ሰማዩን ይዟል፤ የት ላይ ምድር እንዳለቀ አይታወቅም። የግሌብ ትንፋሽ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። እያወራ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ በጠራ ሩሲያኛ፣ መስታወቱ ውስጥ ላለ ሰው።

«ሴምዮን ኢሊች፣ ደጋግመህ አትጠይቀኝ። ወይ ውድድሩ ወይ ልጅቷ ብለሃል፤ እኔም መልሴን ሰጥቻለሁ። የሌላ ሰው ስም ጻፉ።»

ፈትለወርቅ መስታወቱን በእጇ ያዘች። ሴምዮን ኢሊችን ታስታውሰዋለች፤ የስፖርት ኮሚቴው ሰው፣ ወፍራም፣ ሳል የማይለቀው። ከሞተ ዘመን ሆኖታል። ጠይቀውት ኖሯል። አልሰረዙትም፤ ጠይቀውት፣ መልሱን ሰጥቶ፣ ቤት ገብቶ ድንች ልጧል።

ከኋላዋ የሰዓቱን ጠቅታ የምትሰማ መሰላት። አንድ ቃል ብትናገር፣ ስሙን ብትጠራው፣ ዞር ይል ነበር። ስሙን ግን አልጠራችም። የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው፤ ድምጿ የእሷ አልመስል ብሏት።

«አትጸጸትም?»

ግሌብ እንደ ማሰብ አለ። ነገሩን የሚያስብበት ፊቱ ቦርድ ላይ የሚያስብበት ፊቱ ነው። «ሌላ ውድድር ይኖራል» አለ። «ባይኖርም ይሁን። አሁን ልሂድበት፤ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው፣ ካፖርቷ ስስ ነው፣ ብርዱን አልለመደችውም። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ይህን ማንም እንዳይነግራት። ራሷን ጥፋተኛ ታደርጋለች።»

ፈትለወርቅ ክንዱን ያዘችው። ከኋላቸው ቀጭን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ጮኸ፤ የሰዓቱ ቁጥር ዜሮ ገብቷል። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ኦ፣ ኖ» ሲል ተሰማ።

ግሌብ በድምፁ ዞረ። መጀመሪያ ሚስቱን አየ፤ ደስ አለው። ከዚያ ጠረጴዛውን፣ የቆሙትን ሰዎች፣ ሰዓቱን። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው ታየ። ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሰዓቱን ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ እጁን ዘረጋ።

«በሰዓት» አለ በእንግሊዝኛ። «ትክክል ነው። እንኳን ደስ አለህ።»

የጥርስ ሐኪሙ እጁን ጨብጦ አልለቅ አለ። «በሁለት እንቅስቃሴ እጄን እሰጥ ነበር፤ ማሸነፌ አይደለም ይሄ» አለው።

«ማሸነፍ ነው» አለ ግሌብ። «ሰዓቱም ተጫዋች ነው። ና፣ ተቀመጥ፤ የት እንደተሳሳትህ ላሳይህ።» ተቀመጡ። ጠጠሮቹን ወደ ኋላ መለሰ፣ ንግሥቷን ወደሰጠበት ቦታ። ሰው ተሰበሰበ። ፀደንያ በሰዎቹ መሃል አልፋ አባቷ ትከሻ ላይ እጇን ጣለች። ግሌብ ቀና ብሎ አያት፣ ማን እንደሆነች ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፣ ከዚያ ወንበር ሳበላት። «አንቺ ብትሆኚ ግንቡን የት ታደርጊው ነበር?» አላት። አሳየችው። «አይ» አለና ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ሲል ፀደንያ አየችው፤ ወንበሯን ብቻ ወደ አባቷ ጠጋ አደረገች።

ሲወጡ ማርጋሬት ተከተለቻቸው። የነገውን ዙር ተጋጣሚዎች ዛሬውኑ ማውጣት አለባት። ጥያቄውን ለማን እንደምታቀርብ ግራ ገብቷት ከልጅ ወደ እናት አየች። ፀደንያ ወደ አባቷ ዞረች። «ፓፓ፣ ነገ መጫወት ትፈልጋለህ?» አለችው በሩሲያኛ። ግሌብ ጥያቄው ራሱ አስቂኝ እንደሆነ ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲህ ምን ልሥራ?» አለ።

መኪናው ውስጥ ግሌብ ቀበቶው እንደታሰረለት እንቅልፍ ወሰደው። ነፋሱ ሞቃት ነው፤ ፀደንያ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ነዳች። ራንድል ሊደርሱ ሲሉ በኋላ ማሳያው መስታወት እናቷን አየቻት።

«ከሱ ጋር መስኮቱ ጋ ስታወሩ ነበር። ምን አለሽ?»

ፈትለወርቅ መንገዱን አየች። ማንም እንዳይነግራት ብሎ ለምኖ ነበር፤ የለመነው ሰው ሞቷል፣ እንዳትሰማ የተባለችው እሷ ደግሞ ሰምታለች። ከዚህ ወዲያ ነገሩን የሚጠብቅ ማን ነው? «ልጅ ሆኜ ስለ እኔ የሰጠውን መልስ ነው የነገረኝ» አለች። «ለእኔ መንገሩን ግን አያውቅም።»

ፀደንያ አልገባትም። ቤታቸው ደጃፍ ስትደርስ አቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ በሩን ግን አልከፈተችም። ቀበቶዋን ፈትታ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። «ቀስ እያልሽ። የማላውቀው ቃል ካለ አስቆምሻለሁ።»

ግሌብ በእንቅልፍ ልቡ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከጣሪያው የሚቀልጠው በረዶ የመኪናው መስታወት ላይ ይወርዳል። ፈትለወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የት እንደምትጀምር ፈለገች፣ አገኘችውም።

«አባትሽን ያወቅሁት ትራም ላይ ነው» አለች። «ቆሞ ነበር፤ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ።»